ቦሮው፣ ሌንድና የጉርዳ ወንድሜ

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ ውድነሽ? ስንት ጊዜ!» አለና ተረፈ በእጁ የያዘውን እሾህ ወረወረው።

እኔም ብስጭቴ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበርና አልተቻለኝም። «እስኪገባኝ ድረስ ንገረኛ! አስተማሪ ነኝ ያልከው አንተ አይደለህ?»

«ተቀባዩ ቦሮው ያደርጋል። ሰጪው ሌንድ ያደርጋል። እኔ ካንቺ ማጭድ ስዋስ ቦሮው ነው፤ አንቺ ስታውሺኝ ሌንድ ነው። ምኑ ነው የከበደሽ?»

«ማጭዱ መቼ እንደሚመለስ ነው የከበደኝ» አልኩት።

ሳይወድ በግዱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ስይዝ ሌላው ያመልጠኝ ነበር። ኳየት ማለት ጸጥታ ነው ይለኛል፤ ኳይት ማለት ደግሞ በጣም ማለት ነው፣ አንዳንዴም እንደ ነገሩ ማለት ነው ይለኛል። ሲጻፉ ፊደሎቻቸው ያው ናቸው፤ ኋላና ፊት ተቀያይረው ነው የተቀመጡት። ሉዝ ማጣት፣ ሉስ የላላ። ይሄን ቋንቋ የሠራው ሰው ምን ቸግሮት ነው እያልኩ ራሴን እይዝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ በመጀመሪያው ቀን ገባኝ። «ቢሳይድ አጠገብ ማለት ነው» ሲለኝ በእርግጥም አጠገቡ ነበርኩ። በትከሻውና በትከሻዬ መካከል አንድ ስንዝር አይሞላም።

ጊዜው ሚያዝያ 1933 ነው፣ ከፋሲካ በኋላ። ቦታው ከወልቂጤ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ቸሃ፣ የኛ ጓሮ። እንሰቱ ከቤቱ ጣራ በላይ ስለሆነ ከውጭ የሚያይ ሰው እዚያ ውስጥ ትምህርት ቤት አለ ብሎ አይጠረጥርም። ወረቀት አልነበረንም፤ ቢኖረንም አንጠቀምበትም። እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት የተገኘበት ሰው ወደ ጣሊያን ጣቢያ ተወስዶ አይመለስም ይባል ነበር። እኛ በኮባ ቅጠል ላይ በእሾህ እንጽፋለን። ሲጫር አይታይም፤ ውኃ ቀድተው እስኪመለሱ ግን ጭረቱ ይጠቁርና ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ትምህርቱ ሲያልቅ ቅጠሉን ለላም እንሰጣለን። በአገሩ ሁሉ እንደኛ ላም እንግሊዝኛ የጠገበ ከብት አልነበረም።

ተረፈ የቡታጅራ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከሚሲዮኖች ዘንድ ተምሮ ለአንድ የውጭ አገር ነጋዴ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የካቲት ላይ የተማረ ሰው እየታደነ ሲገደል ታላቅ ወንድሜ ዱባለ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሸሸገው፣ ከዚያም በእግር ይዞት ወደኛ መጣ። ግን እንግዳ ሰው በመንደር ውስጥ አይደበቅም። የፈለገ ጆሮ ጠቢ ሄዶ ይናገርበታል። ስለዚህ ዱባለ ምን አደረገ? ሽማግሌ ሰብስቦ ከተረፈ ጋር ጉርዳ ገባ።

ጉርዳ እንግዲህ ቀልድ አይደለም። በኛ አገር ሁለት ሰዎች በሽማግሌ ፊት ጉርዳ ከገቡ ከአንድ ማሕፀን እንደወጡ ይቆጠራሉ። ተረፈን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው የዱባለን ወንድም አሳልፎ ሰጠ፤ ጎሳው በሙሉ ይነሳበታል። በዚህ የተነሳ አራት ዓመት ሙሉ ማንም አፉን አልከፈተም። ዱባለ የሰውን ነፍስ አዳነ፣ እሰየው። ነገር ግን የዱባለ ወንድም ከሆነ የኔም ወንድም ሆነ ማለት ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ? ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ቀና ብዬም አላየሁትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ቀና ብዬ ሳየው አለቀልኝ።

«ወንድምዓለም» ብዬ እንድጠራው እናቴ ወለተ ሐና አዝዛኛለች። ይህን ቃል በጠራሁ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር። እሱም ስጠራው ዓይኑን ወደ ቅጠሉ ይሰብራል። ያ የዓይኑ መሰበር ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ። አንድ ቀን ወዶኛል እላለሁ፣ በማግሥቱ ደግሞ ጠልቶኛል እላለሁ። በዚህ መሃል እሱ ቁጭ ብሎ ቢሳይድና «በተጨማሪ» የሚለው ቢሳይድስ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ያስረዳኛል! ልዩነታቸው ገደል ይግባ ብዬ ልጮህ ብዙ ጊዜ ምንም አልቀረኝም ነበር።

* * *

ያረጋል የሚባል የጨው ነጋዴ ከወሊሶ በኩል መጣና ከዱባለ ጋር በረጅሙ ተነጋገረ። እሱ ከሄደ በኋላ ገበታ ላይ ሆነን ዱባለ ወሬውን ነገረን።

«ጣሊያን አዲስ አበባን ከለቀቀ ሰነበተ። እንግሊዞቹና አርበኞቹ ወደዚህ እየገፉ ነው። ችግራቸው ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛም ያገራችንንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ» አለና ወደ ተረፈ ተመለከተ። «ያረጋል በአራተኛው ቀን ይመለሳል፣ ይዞህ ይሄዳል። ቁርጥ ነው አይደል?»

«ቁርጥ ነው» አለ ተረፈ።

እንግዲህ ቀድሞ ያውቅ ነበር! ከያረጋል ጋር ተመካክሮ፣ ከዱባለ ጋር ተስማምቶ፣ ያን ዕለት ጠዋት ቁጭ ብሎ ስለ ማጭድ ሲያስተምረኝ ሁሉንም ያውቅ ነበር። ፊቱን አየሁት። ከቆጮው ላይ ቀና አላለም። እኔ ጎመን ልጨምር ብዬ ተነሳሁ፣ ወደ ጓዳ ገባሁ፣ እዚያው ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። ጎመኑን ማን እንዳቀረበው እስካሁን አላውቅም።

በማግሥቱ ማልጄ ተነስቼ ኮባ ቆረጥኩና በአማርኛ፣ በግልጹ አማርኛ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦

«ዝም ብለህ ልትሄድ ነው? ለኔ የምትለኝ ነገር ካለህ ዛሬ በለኝ። ከሌለህም የለኝም በለኝ፣ አልሞትም። ዝም ብቻ አትበለኝ። ውድነሽ።»

ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ አኖርኩለትና ውኃ ወረድኩ። ስመለስ ቅጠሉ የለም። በቃ አንብቦታል አልኩ። ቀኑን ሙሉ በጎኑ አለፍኩ፣ በፊቱ አለፍኩ፣ ያለምክንያት በር ላይ ቆምኩ። እሱ ከዱባለ ጋር ቁጭ ብሎ መንገዱ በየት በኩል ይሻላል ይላል። ማታም ምንም። በማግሥቱም ምንም! «ደህና አደርሽ?» አለኝ ብቻ። ደህና አደርሽ! እርር ድብን አልኩ። እንዲህ ያለ የተማረ ድንጋይ በሕይወቴ አላየሁም።

* * *

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው እንሰቱ ሥር ኮባ እየቆረጥኩ ሳለ መጣ።

«ሁለት ቀን ትምህርት ቀረሽ» አለኝ።

«ለምኔ ነው? ለላሟ አስተምራት።»

«ምን ሆነሻል?»

«ምን ሆነሻል?» ማጭዱን ጣልኩት። «ጻፍኩልህ! እፍረቴን ሁሉ ጥዬ ጻፍኩልህ! የለኝም ማለት አቃተህ? አንዲት ቃል ናት እኮ! ለእንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ቃል ስትጨነቅ የምትውል ሰው ለኔ አንዲት ቃል ጠፋህ?»

ፊቱ ልውጥ አለ። «የት ጻፍሽልኝ?»

«በኮባ ላይ ነዋ! ድንጋይህ ላይ!»

ዞር ብሎ ድንጋዩን አየ። ከድንጋዩ አጠገብ የታሰረችውን ላም አየ። እኔም አየሁ። ገመዷ ድንጋዩ ጋ ይደርሳል፤ ደርሶም ይተርፋል። አራት ዓመት ሙሉ የተጻፈበትን ኮባ ስናበላት የኖርን እኛው ነን። ደብዳቤዬን በልታ እንደ ልማዷ ዞር ብላ አመስኳለች።

ተረፈ ሳቀ። በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እኔ ልመታው ተጠጋሁ። እጁን ሲያነሳ ግን ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

«ሁለተኛ አልልም።»

«እንግዲያው እኔ ልንገርሽ» አለኝ። «አባባ ሽፋ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በጥምቀት ማግሥት አንድ፣ በጾሙ አንድ፣ ትናንት አንድ። ጉርዳ ይፈታል ወይ ብዬ ልጠይቃቸው። በመጀመሪያው በዱላ አባረሩኝ። በሁለተኛው ዝም አሉኝ። ትናንት ግን ለምን እንደምጠይቅ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።»

አባባ ሽፋ ጉርዳውን ያስገቡት ሽማግሌ ናቸው። የቆረጥኩት ኮባ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን ብለህ ነገርካቸው?»

«እህቴ ያልሆነችውን እህቴ በል ብላችሁኛል፣ አልቻልኩም ብዬ።»

እስቲ ልንገራችሁ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አራት ወር! ከጥምቀት እስከ ሚያዝያ ይህን በሆዱ ይዞ ኳየትና ኳይት እያለ ሲያደነቁረኝ ከረመ! «እኔስ?» አልኩት። «ለሽማግሌ ሦስት ጊዜ ስትናገር ለኔ አንድ ጊዜ መናገር ምን ነበረበት?»

«የሚሆን ባይሆንስ? ለምን አንቺን ላቃጥልሽ?»

«ስቃጠል ነው የከረምኩት! አባባ ሽፋ ምን አሉ? ይፈታል?»

«ይፈታል። ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በጀፎሮው መንገድ ላይ፣ አላፊ አግዳሚ እየሰማ ነው የሚፈታው። እኔም ዱባለም በአፋችን ማለት አለብን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዚያ በኋላ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም። ጣሊያን ከወልቂጤ ገና አልወጣም፣ ወደ ጅማ የሚሸሸው ጦር መንገዱን ሞልቶታል። የሰውን አፍ የዘጋው ጉርዳው ነው። ሲፈታ የፈለገ ሰው ይሸጠኛል። ስለዚህ ልሂድ፣ ጠላት ይውጣ፣ ከዚያ ተመልሼ አስፈታዋለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት።»

ያሰበው ልክ ነበር። አሁን ሳስበው ልክ ነበር። ያኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ።

«ባትመለስስ?»

የጣልኩትን ማጭድ አነሳና ስለቱን ያይ ጀመር።

«ሁለታችሁም በአፋችሁ ማለት ካለባችሁ፣ አንዳችሁ ከሞታችሁ መቼም አይፈታም ማለት ነው። እኔ እስክሞት እህትህ ሆኜ ልቀር ነው። ሰው መጥቶ ወንድምሽ ሞተ ይለኛል፣ እኔም ወንድሜን ብዬ ደረቴን እመታለሁ። ተረፈ፣ እኔ አንተን ወንድሜ ብዬ አላለቅስም! አልችልም!»

ስሙን ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ዓይኑን ወደ ቅጠል አልሰበረም።

«ለዱባለ እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ?» አለኝ በመጨረሻ። «ነፍሴን ያዳነ ሰው ነው። ወንድምነትህን አልፈልግም ልበለው?»

«እኔ እነግረዋለሁ» አልኩና ተነሳሁ። ፍርሃቴን ግን እግዜር ነው የሚያውቀው።

* * *

ዱባለ አጥሩ ጋ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኩት። መጥረቢያውን እንጨቱ ላይ ተክሎ ሰማኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። እሱ ነው የባሰው።

«አባታችን ማይጨው ሲቀር እኔ ወንድም የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ» አለ። «ተረፈን ሳገኝ ወንድም አገኘሁ ብዬ ነበር።»

«ወንድምጋሼ፣ ዘመድነቱማ ይቀጥላል። አማችህ ይሆናል።»

«አማች!» አለና ምራቁን ተፋ። «አማች የሚከበር ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ እግር አይዘረጋም፣ አይሰደብም። ወንድም ሌላ ነው። ደግሞስ አስበሽዋል? ነገ በጀፎሮ ላይ ወንድሜ አይደለም ብዬ ከነገ ወዲያ አንዱ ባንዳ ቢይዘው፣ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። እኔ ብቻም አይደለሁ፣ አንቺም ነሽ።»

ቆሜ አለቀስኩ። ቀኑን ሙሉ አላነጋገረኝም፣ ተረፈንም አላነጋገረው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ እየተሸሻሹ ዋሉ፤ ይህን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዱባለ መጥረቢያውን ነቀለና ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ለአባባ ሽፋ ላኪላቸው። ጠዋት ይምጡ» አላት። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ራሷ ሄደች።

* * *

ጠዋት ጀፎሮው ላይ፣ ያ ሰፊ የሣር መንገዳችን ላይ፣ አባባ ሽፋ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቆመዋል። የሰፈር ሰው በየደጃፉ ወጥቷል። ያረጋል ጨው የጫኑ በቅሎዎቹን ይዞ ዳር ላይ ይጠብቃል። እኔና እናቴ በራችን ላይ ነን።

አባባ ሽፋ እርጥብ ሣር ነቀሉና አንዱን ጫፍ ለዱባለ፣ ሌላውን ለተረፈ አስያዙ።

«ጉርዳ የገባችሁት በፊቴ ነው» አሉ። «ጉርዳው የሚፈታው በጥል ነው?»

«በጥል አይደለም» አሉ ሁለቱም።

«እንግዲያው በምንድን ነው? ተናገር» አሉት ተረፈን።

ያ ቃል ሲመርጥ የሚውል ሰው፣ በሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው፣ ላብ በላብ ሆነ። «ከዚህ ቤት ሌላ ዝምድና ፈልጌ ነው» አለ በመጨረሻ። ሰው አጉረመረመ። ዓይኑ ሁሉ ወደኔ ዞረ፤ እኔም መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ደስም አለኝ።

«አንተስ ዱባለ?»

ዱባለ ሣሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመ። መልሶ ፈታው። አባባ ሽፋ አላስቸኮሉትም። «ተረፈ ከዛሬ ጀምሮ...» አለና ቆመ። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ አይደለም።» ሣሩን ለቀቀው።

አንድ የማላውቀው ሰው በፈረስ እያለፈ ነበር። ልጓሙን ያዝ አደረገና ተረፈን ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። ወደ ወልቂጤ በኩል ነው የሄደው። ያረጋል ፊቱን አጨፈገገና በቅሎዎቹን አዞረ።

«ፍጠን» አለው ተረፈን። «በሌላ መንገድ ነው የምንሄደው።»

ተረፈ ወደ በሩ፣ ወደኛ መጣ። አንድ እርምጃ ሲቀረው አባባ ሽፋ ዱላቸውን በደረቱ ፊት ዘረጉ።

«የት ትገባለህ?»

«እቃዬን...»

«ከእንግዲህ የዚህ ደጅ እንግዳ ነህ። ሽማግሌ ልከህ፣ ተጠይቆ፣ ተፈቅዶልህ ነው የምትገባው። ያን እስክታደርግ ከዚህ ቤት ውኃ አትጠጣም፣ የዚህን ቤት ልጅ እጅ አትነካም። ራስህ የጠየቅኸው ነገር ነው ልጄ።» በክፋት አላሉትም። ሕጉ ነው።

ዱባለ ገባና የተረፈን ጥቅል ይዞ ወጣ፤ መሬት ላይ አስቀመጠለት። ተረፈ አነሳው። እናቴ አራት ዓመት እንደ ልጇ ያበላችው ሰው ነውና ልትስመው እጇን ዘረጋች፤ ወዲያው ትዝ አላትና እጇን ሰበሰበች። ነገ አማቿ ሊሆን ነው፣ አማች ደግሞ ይታፈራል።

እኔ ከሱ ሦስት ክንድ ርቄ ነበር የቆምኩት። ጥቅሉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ይበል? ያረጋል እንደገና ጠራው። ዞረና ሄደ። በጀፎሮው ላይ እያነሰ ሲሄድ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ በፈረስ ያለፈው ሰው ወልቂጤ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደቀረው በሆዴ እየቆጠርኩ ቆምኩ።

ትናንት ቢሆን ኖሮ፣ እህቱ ሆኜ ብሸኘው ኖሮ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ፣ ጉንጩን ደጋግሜ ስሜ፣ ድምፄን ለቅቄ አልቅሼ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኝቼው እመለስ ነበር፤ ማንም ምንም አይለኝም። ያን ሁሉ በገዛ አፌ ለምኜ አስፈታሁት። ሚስቱ ልሆን በተፈቀደልኝ ቀን፣ ተመልሶ መምጣቱን ሳላውቅ፣ እጁን እንኳ ሳልነካው ሄደ። እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ጨብጬ፣ ለማልቀስ እንኳ ገና መብት የሌለኝ ሴት ሆኜ በሩ ላይ ቀረሁ።